ዝም ያለው ድምፅ ማጉያና የጎረቤቱ ሬዲዮ

ከቤቴ የተነሣሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። መንገዱ ለርዝመቱ ሲባል የሚጻፍለት አይደለም፤ ከግሪን ቫሊ ራንች ተነሥቶ በፓርክ ሂል በኩል አውሮራ የሚገኝ አንድ የጸሎት አዳራሽ ደርሶ መመለስ ነው። በዚህ በዴንቨር ከተማ የሚኖር ሰው ለአስቤዛ ብቻ ከዚያ የበለጠ ይነዳል። የሄድኩበት ጉዳይ ግን ከርቀቱ ጋር የሚመጣጠን አልነበረምና እንደ ረጅም ጉዞ አድርጌ ልተርከው እገደዳለሁ።

ጉዳዩ ይህ ነው። በአዳራሹ በኪራይ የሚሰበሰቡት የእኛ ሰዎች የሆኑ ወንጌላውያን ናቸው። የሚጠቀሙበትን ድምፅ ማጉያ ከዓመታት በፊት ከጓደኛዬ ከሀብቴ ጋር የሠራሁት እኔ ነኝ። ከአዳራሹ አጥር ማዶ የሚኖሩ ሚስተር ሬይ የተባሉ አዛውንት ይህ መሣሪያ የኤኤም ሬዲዮአቸውን በጉርምርምታ እየሞላባቸው መሆኑን ለሕንፃው ባለቤቶች ደጋግመው አመለከቱ። ባለቤቶቹም በመጨረሻ ቁርጡን ተናገሩ፤ እስከዚህ ቅዳሜ ማምሻ ድረስ ሚስተር ሬይ ራሳቸው ደውለው «ሬዲዮዬ ጠርቷል» ካላሉ የሚቀጥለው ዓመት ውል አይፈረምም። ጉባኤው ከዚህ በፊት ከአንድ የትምህርት ቤት ጂምና ከአንድ መጋዘን ለቅቆ የመጣ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ዕቃውን ጭኖ የሚሄድበት ቦታ እንደሌለው ወንጌላዊ ተስፋዬ በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር።

«እንዴት እንዳዘጋጀሁት በደንብ አስታውሳለሁ፤ ቀላል ነው» አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እውነት አስታውሳለሁን? እያልኩ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እርግጠኛ ሆኜ የተናገርኳቸው አንዳንድ ነገሮች ሐሰት ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ባለቤቴ ወይንሸት በር ላይ ቆማ «መነጽርህን ይዘሃል? ስልክህንስ?» ብላ ስትጠይቀኝ ሁለቱንም ኪሴን ዳብሼ ነው የመለስኩላት።

ከታወር ሮድ ወደ ፔንያ ቡሌቫርድ ስወጣ ሜዳው አረንጓዴ ነበር፤ የግንቦት ዝናብ ያበቀለው ሣር ነው። ምዕራቡ ላይ ተራሮቹ ገና በረዶአቸውን አላወረዱም፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነበር። ጥርት ማለቱ ግን አላጽናናኝም። በዚህ ወቅት ከሰዓት በኋላ ከተራራው ጀርባ ደመና ተነሥቶ ነጎድጓድ ማምጣቱ የታወቀ ነው። መብረቅ ደግሞ የኤኤም ሬዲዮን ያንኮሻኩሻል። ደመናው ከቀደመኝ የኔን ጉርምርምታ ከሰማዩ መለየት አይቻልም፤ ሚስተር ሬይም ጠርቷል ሊሉ አይችሉም።

ፓርክ ሂል

በሴንትራል ፓርክ በኩል ሳልፍ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ መቆጣጠሪያ ማማ በአዳዲስ ቤቶች መካከል ብቻውን ቆሞ አየሁት። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፌ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የጡብ ቤቶች የተሰለፉበት ፓርክ ሂል ገባሁና ሀብቴ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። መበየጃውንና ትንሿን የኪስ ሬዲዮ ልዋሰው ነበር የሄድኩት። ከዚያ በላይ ግን የፈለግሁት ትዝታውን ነበር።

«በስንት ነበር ያዘጋጀነው?» አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

«አምስት መቶ።»

«አራት መቶ ነው እንጂ! እንዳይሞቅ ብለን ዝቅተኛውን ነው የመረጥነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ያን ቀን እኮ ተጣልተን ነበር። አንተ አራት መቶ አልክ፣ እኔ አምስት መቶ አልኩ፤ በመጨረሻ እኔ አሸነፍኩ።»

«አንተ መቼ ነው እኔን አሸንፈህ የምታውቀው?»

«ለዚህ ነው እኮ የማልረሳው!» ብሎ ሳቀ። ከዚያም ፊቴን አየና ሳቁን አቆመ። «ምን ሆነሃል? ከፍተህ ታየዋለህ፣ አለቀ። እኔ የኤርፖርት ሥራ ባይኖረኝ አብሬህ እሄድ ነበር።»

የምንከራከርበትን ቁጥር ማስረዳት አለብኝ። በማጉያው ውስጥ ያለው ቺፕ ድምፁን የሚያጎላው ኃይሉን በከፍተኛ ፍጥነት እያበራና እያጠፋ ነው፤ በአንድ ሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ። ፍጥነቱን የሚወስኑት ከቺፑ ጎን ከወጡት እግሮች ሦስቱ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ቮልት መስጠት ወይም መከልከል ይቻላል፤ በአሰጣጡም ቺፑ አራት መቶ፣ አምስት መቶ ወይም ስድስት መቶ ኪሎኸርዝ ይይዛል። ከዚያም ከፍ ያሉ አሉ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ቺፑ ይግላል። ምርጫው የተፈጠረው ለሬዲዮ ሲባል ነው። ፍጥነቱ ራሱ ወይም እጥፉ ወይም ሦስት እጥፉ አንድ የኤኤም ጣቢያ በሚያሰራጭበት ቁጥር ላይ ከወደቀ በአቅራቢያው ያለ ሬዲዮ ያንን ጣቢያ መስማት ይቸገራል። እኛ ስንሠራው ለእነዚህ ሦስት እግሮች ሦስት ትንንሽ ማብሪያዎች አድርገንላቸው ነበር። ይህን እኔም ሀብቴም በአንድነት እናስታውሳለን። የተለያየነው ማብሪያዎቹን እንዴት ትተናቸው እንደሄድን ነው።

ኮልፋክስ

ኮልፋክስ አቬኑ ላይ የአውቶቡስ መስመር እየተሠራ ስለሆነ ብርቱካናማ ኮኖች መንገዱን አጥብበውታል። መኪናው እርምጃ በእርምጃ ይሄዳል፤ የኔ ልብ ግን ይሮጣል። ወረፋው ሲረዝምብኝ ወጣ ብዬ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ አረንጓዴ የቃሪያ ስጎ የፈሰሰበት፣ በቂጣ የተጠቀለለ የእንቁላል ቡሪቶ ገዛሁ። ሻጯ ሴት «ቀለል ያለ ወይስ የሚያቃጥል?» ብላ ስትጠይቀኝ የሚያቃጥለውን መረጥኩ። ግማሹን በልቼ ተውኩት።

ዮሰሚቲ ጎዳናን ሲሻገሩ ዴንቨር አልቆ አውሮራ ይጀምራል። ከመንገድ ዳሩ ምልክት በቀር ድንበሩን የሚናገር ነገር የለም፤ ያው የድሮ ሞቴሎች፣ ያው የጎማ ሱቆች ናቸው። መስታወቱን ሳይ ከኋላዬ ከተራሮቹ በላይ የመጀመሪያዋ ነጭ ደመና ራሷን አቅንታ ነበር። ነጭ መሆኗን እርግጠኛ ነኝ። ምናልባት ግን ያን ጊዜም ግራጫ መሆን ጀምራ ይሆናል።

አዳራሹ

ወንጌላዊ ተስፋዬ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሳምንቱ ቀናት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ከኋላው እትዬ አስናቀች በሽርጥ ቆመዋል፤ የእሑዱን የጋራ ምሳ ወጥ ቅዳሜ ከሴቶቹ ጋር ሆነው የሚሠሩት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰውየው እኛን ማስወጣት ነው የፈለጉት» አለ ወንጌላዊ። «ማክሰኞ ዕለት ሬዲዮዬ እየጮኸ ነው ብለው ደወሉ። ማክሰኞ! አዳራሹ ውስጥ ሰው የለም፣ ድምፅ የለም፣ ምንም የለም። ለባለቤቶቹም ምለን ተናግረናል።»

«ማሽኑ ጠፍቶ ነበር?»

«አዎን። ይኸው አሁንም ጠፍቷል።»

ማጉያው መድረኩ ጥግ ባለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ቆሜ የሀብቴን የኪስ ሬዲዮ ከፈትኩ። እንደ ንብ ቀፎ የመሰለ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ጎንበስ ብዬ ሳየው ከመሣሪያው ፊት አንዲት ቀይ መብራት በርታለች።

«ይሄ እኮ ሚውት ብቻ ነው የሆነው» አልኩ። «አልጠፋም።»

«እኛ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምናደርገው» አለ ወንጌላዊ ግራ ተጋብቶ።

እትዬ አስናቀች ተቀበሉት፦ «ከኋላ ያለውን ማብሪያ ስንነካው ጷ! ብሎ ይጮሃላ! አንድ ጊዜ በጸሎት መካከል ጮኾ አንዲት እርጉዝ ልጅ ልትወድቅብን ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን ማብሪያ ማንም እንዳይነካ ሽማግሌዎች ወስነዋል። ቀዩ ሲበራ ዝም ይላል፤ ዝም ካለ ደግሞ ምን ችግር አለ?»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሚውት የሚባለው እግር ድምፁ እንዳይወጣ ያደርጋል እንጂ ቺፑን አያስተኛውም። ለስፒከሩ የሚናገረው ነገር ባይኖርም ውስጥ ውስጡን እያበራ እያጠፋ ይሠራል። የሚያስተኛው ሌላ እግር ነው፤ ያም ከኋላ ካለው ማብሪያ ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ አዳራሹ ባዶ በነበረበት ማክሰኞም፣ ሌላውም ቀን ሁሉ፣ ማሽኑ ለሚስተር ሬይ ሬዲዮ ሲጮህ ከርሟል።

ወንጌላዊ ተስፋዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ምለናል እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰውየውን ዋሾ ነው ብለናል።»

የሚያጽናና ነገር የምናገርበት ጊዜ አልነበረም፤ በመስኮቱ በኩል ደመናው ወፍሯል። አጥሩን ዞሬ ሚስተር ሬይን በየትኞቹ ጣቢያዎች ላይ እንደሚቸገሩ ጠየቅኋቸው። ዓይናቸው የደከመ፣ ጣቶቻቸው የወፈሩ የቀድሞ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው። በሩን በከፊል ከፍተው «ሁለቱም ላይ» አሉኝ። አንደኛው ቤዝቦል የሚሰሙበት ነው፤ ቁጥሩ ስድስት መቶ አካባቢ ነው። ሁለተኛው ጠዋት ጠዋት የገበሬዎች ወሬ የሚሰሙበት ወደ ሺህ ሁለት መቶ የሚጠጋው ነው። «ማንበብ አልችልም» አሉ፤ «ቴሌቪዥኑም ለኔ ጥላ ብቻ ነው። ያለኝ ይህ ነው።»

ተመልሼ መሣሪያውን ከግድግዳው ነቀልኩና ክዳኑን ከፈትኩ። ማብሪያዎቹን በመነጽር አየኋቸው። የተዘጋጀው በአራት መቶ አልነበረም፤ በአምስት መቶም አልነበረም። ስድስት መቶ ነበር። ጣቢያቸው ላይ በቀጥታ የተቀመጠ፣ እጥፉም በሁለተኛው ጣቢያቸው ላይ የሚያርፍ፤ ለእኚህ ሰው ከዚህ የከፋ ምርጫ አልነበረም። እኔም ሀብቴም በሙሉ ልብ የተከራከርንባቸው ቁጥሮች ሁለቱም ስሕተት ነበሩ። ማን ስድስት መቶ ላይ እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አምስት መቶ ላይ አደረግሁት። እጥፉ ሺህ፣ ሦስት እጥፉ ሺህ አምስት መቶ ነው፤ ከሁለቱም ጣቢያዎች ይርቃል። ከዚያ ወንጌላዊን አጠገቤ አቁሜ አከፋፈቱን አሳየሁት፦ መጀመሪያ ሚውት፣ ከዚያ የኋላው ማብሪያ፣ ትንሽ ጠብቆ ሚውቱን መልቀቅ። ማብሪያውን ሲጫን ዓይኑን ጨፈነ። አልጮኸም። «ጌታ ሆይ!» አሉ እትዬ አስናቀች፤ «ይሄን ባለማወቅ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የፈራነው?»

ከአጥሩ ማዶ

ሚስተር ሬይ በሁለተኛ ጉዞዬ ወደ ወጥ ቤታቸው አስገቡኝ። ሬዲዮአቸውን ከፈቱ። የቤዝቦሉ አስተላላፊ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ትንፋሼን ለቀቅሁ። ወደ ሁለተኛው ሲያዞሩት ግን ያ ጉርምርምታ እዚያው ነበር፤ ሳሳ ያለ፣ ነገር ግን የተናጋሪውን ቃል የሚበላ።

«ይሄው» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

አጥሩን ዞሬ ተመለስኩ። ማብሪያዎቹን በትክክል አላደረግኋቸው ይሆን? ቁጥሮቹን የያዝኩት በቃሌ ነው። ቃሌ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ከድቶኛል። እንደገና ነቅዬ፣ እንደገና ከፍቼ አየሁ፤ ልክ ነው። እንደገና አየሁ፤ ልክ ነው። ከሩቅ የመጀመሪያው ነጎድጓድ አጉረመረመ።

«ሺህ ሁለት መቶ ላይ ብቻ» እያልኩ ጮክ ብዬ አስብ ነበር። «ስድስት መቶ ላይ የለም። እንዲህ የሚያደርገው አራት መቶ ነው፤ ሦስት እጥፉ። አራት መቶ የሚባል ነገር ግን እዚህ የለም።»

እትዬ አስናቀች የወጥ ማማሰያ እንደያዙ ሲያዳምጡኝ ቆይተው «የኛንስ አየኸው?» አሉ።

«የእናንተን ምን?»

«ወጥ ቤት ያለውን ነዋ! አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? እናንተ ስብከት ስትሰሙ እኛ ሽንኩርት ብቻ እንሰማለን ወይ ብዬ የጮህኩ ጊዜ ራስህ ሠርተህ ያመጣህልኝን ረሳኸው?»

ረስቼዋለሁ። ጨርሶ፣ ከሥሩ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ገብተን ማቀዝቀዣው ላይ በዳንቴል የተሸፈነች ትንሽ ሳጥን ሲያሳዩኝ እንኳ ከዚህ በፊት አይቻት የማላውቅ ያህል ነበር። የብየዳው እጅ ግን የኔ ነው፤ የራሴን አበያየድ አውቀዋለሁ። ቀዩ መብራቷ በዳንቴሉ ቀዳዳ በኩል ያበራል። መስኮቱ ደግሞ ከሚስተር ሬይ አጥር ጋር ፊት ለፊት ነው። ክዳኗን ስከፍት ሦስቱም ማብሪያዎች ወደ ታች ነበሩ። አራት መቶ።

ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ በልበ ሙሉነት ያስታወስኩት ነገር እውነት ነበር። ዝቅተኛውን መርጫለሁ፤ እንዳይሞቅ ብያለሁ። ከአእምሮዬ የወጣው ቁጥሩ ሳይሆን የየትኛው መሣሪያ ቁጥር እንደሆነ ነው። ይህ ከመርሳት ይልቅ አስፈራኝ፤ የረሳ ሰው ይጠይቃል፤ እንዲህ ያስታወሰ ሰው ግን አይጠይቅም።

ትንሿንም አምስት መቶ ላይ አደረግኋት። የመስኮቱ መስታወት በነፋስ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «አሁን ሁለቱንም አብሩ፤ ጮክ አድርጉት፤ እንዳታቆሙ!» ብዬ ወጣሁ። ወንጌላዊም ሥራውን ለእትዬ አስናቀች ትቶ ተከተለኝ። አጥሩን ስንዞር ከኋላችን የእትዬ አስናቀች ድምፅ አዳራሹን ሞልቶ ወጣ፦ «ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል? ምስሩ እያረረ ነው፣ አንዳችሁ አማስሉ! ሃሎ!»

ሚስተር ሬይ ሬዲዮአቸውን ወደ ሁለተኛው ጣቢያ አዞሩ። አንድ ሰው ስለ ስንዴ ዋጋ ይናገራል። ከስሩ ምንም የለም። ወደ መጀመሪያው አዞሩ፤ ጨዋታው ቀጥሏል። ጆሮአቸውን አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ወንጌላዊ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልይ ይመስለኛል። በዚህ መካከል ሬዲዮው በድንገት ኩሽ! አለ። ወንጌላዊ ከመቀመጫው ተነሣ።

ሚስተር ሬይ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። በመስኮቱ ወደማይታያቸው ሰማይ እየጠቆሙ «ይሄኛው የእናንተ አይደለም» አሉ። «ይሄ ከላይ ነው።» ከዚያም ስልካቸውን ፈልገው ለሕንፃው ባለቤቶች ደወሉ። የተናገሩት አጭር ነበር፦ «ሬይ ነኝ። ጠርቷል።»

ልንወጣ ስንል ወንጌላዊ ተስፋዬ በሩ ላይ ቆመ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ሰው አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ነበር የሚያወጣቸው። «ማክሰኞ ሲደውሉ አላመንንዎትም። ዋሹ ብለን ለሌሎች ተናግረናል። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሽማግሌው «እኔም ስለ እናንተ ያልኩት ከዚያ የተሻለ አይደለም» አሉት። ቀጥለውም «ሴትየዋ ስለ ምንድን ነው እንደዚያ የምትጮኸው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ስለ ምስር» አልኳቸው።

መመለሻ

የተመለስኩት በዝናብ ውስጥ ነው። ኮልፋክስን ትቼ በሰፊው አውራ ጎዳና ወጣሁ። በረዶ የቀላቀለው ዝናብ የመኪናዬን ጣሪያ ሲመታው ሌላ ነገር አይሰማም ነበር። መንገድ ዳር ቆሜ እስኪያልፍ ስጠብቅ ለሀብቴ ደወልኩለትና የትንሿን ማጉያ ነገር ነገርኩት። «የቷ ትንሽ ማጉያ?» አለኝ። እሱም ረስቷታል። ያ አላጽናናኝም ብል እዋሻለሁ።

ከጉዞው ያገኘሁት ስለ ቺፕ አይደለም፤ የሦስቱን እግሮች ሥራ ቀድሞም አውቀዋለሁ። ያላወቅሁት፣ ሁሉም እውነት ተናግሮ ሁሉም ሊሳሳት እንደሚችል ነው። ጉባኤው ዝምታውን ሰምቶ ማለ። ሚስተር ሬይ ጩኸቱን ሰምተው ከሰሱ። እኔ አራት መቶን አስታወስኩ። ከመካከላችን የዋሸ አልነበረም፤ የጎደለው አጥሩን ዞሮ በሌላው ጆሮ መስማት ብቻ ነበር። ይህን ባለማድረጋችን አዳራሽ የሚያህል ነገር ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ቤት ስደርስ ወይንሸት ፎጣ ይዛ ጠበቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የረሳሁት ነገር ካለ አላውቅም።

«ታዲያ በመጨረሻ በስንት አደረግኻቸው?» አለችኝ።

«አምስት መቶ። ሁለቱንም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ፀጉሬን እያደረቅሁ አሰብኩበት። «አይደለሁም» አልኳት። «ተሳስቼ ከሆነ ግን ሚስተር ሬይ ይደውላሉ፤ አሁን እናምናቸዋለን።»